ካርታ ለማያውቅ ወዳጅ ካርታ ስለ ማስተማር

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ቀላል መስሎ ስለሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ወዳጅነት ስለሚፈተንበት ጉዳይ ልጽፍ አስቤአለሁ፤ ይኸውም ካርታ መጫወት የማያውቅን ወዳጅ፣ ይልቁንም በዕድሜ ታላቅ የኾነውን፣ ክብሩ ሳይነካ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሡኝ በመዝገብ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው በጡረታ የተገለሉ አንድ ወዳጄ ናቸው። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስገባ የፋይል አያያዝን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለ ኾኑ፣ እስከ ዛሬ ጋሼ እያልሁ በአንቱታ እጠራቸዋለሁ። ቤታቸው በካዛንችስ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. በካዛንችስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። የአሁኑ ቤታቸው ንጹሕና ብርሃን የሞላበት ነው፤ ይህን እሳቸውም ይመሰክራሉ። ነገር ግን ቤት ሲዛወር ወንበርና ሣጥን እንጂ ወዳጅ በጭነት መኪና ተጭኖ አይሔድም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው ገበጣ ይጫወቱ ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ዐርፈዋል፤ አንዱ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሔደዋል፤ ሦስተኛው ዓይናቸው ደክሞ ከቤት አይወጡም። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይሰበሰቡበት የነበረው መንደር፣ ዛሬ ለመገናኘት ታክሲ የሚቀያየርበት ኾኗል።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ በስልክ ጠሩኝና፣ «ጋሼህ ዝም ብለዋል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሲያዩ ነው የሚውሉት። መጥተህ አጫውታቸው እንጂ» አሉኝ።

ገበጣውን አውርጄ እንድንጫወት ብጠይቃቸው እንቢ አሉ። ገበጣ የሚጫወቱት ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር እንደ ኾነ፣ ጠጠሩንም በእነሱ እጅ ሲወድቅ ድምፁን እንደሚያውቁት ነገሩኝ። በዚህ ልከራከራቸው አልወደድሁም። ስለዚህ ከማንም ጋር ያልተጫወቱት አዲስ ጨዋታ ማስፈለጉን ተረዳሁ።

የልጅ ልጃቸው አስቀድሞ ካርታ ሊያስተምራቸው ሞክሮ ኖሯል። ልጁ ጨዋ ነው፤ አያቱን ደስ ያሰኘ መስሎት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈላቸው። በአራተኛው ጊዜ ግን ትልቁን ካርታ ይዞ ትንሹን ሲጥል አዩት። አልተቈጡም። ካርታውን በጸጥታ ሰብስበው በሣጥኑ ከተቱና፣ «ደክሞኛል» አሉ፤ ከዚያም ወዲያ አልነኩትም። ታላቅ ሰውን ሆን ብሎ አሸናፊ ማድረግ አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ሲታይ፣ «እርስዎ ከእንግዲህ ወዲህ ሊያሸንፉ አይችሉም» ማለት ነው። ጋሼን ያሳዘናቸውም ይኸው ነበር።

እኔ የመረጥሁላቸው ጨዋታ ስኮፓ የሚባለው ነው። በወጣትነቴ በካዛንችስ ጋራዥ ከነበራቸው ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ተምሬዋለሁ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ አራት ሰው ሲገኝም ሁለት ሁለት ኾኖ ይጫወቱታል። ስሙን እንደ ነገርኋቸው ግን ጋሼ ፊታቸውን አጠቈሩ። አባታቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ብዙ መከራ ያዩ ሰው ነበሩና፣ «የጣልያንን ጨዋታ በቤቴ አላስገባም» አሉ።

መልሴ ይህ ነበር። ካዛንችስ እያልን ስንጠራው የኖርነው ሠፈር ስሙን ያገኘው በዚያው በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲኾን፣ «ኢንቺስ» የሠሪው ድርጅት ምሕጻረ ስም ነው። የጠላት ቃል ነበረ፤ እኛ ግን ኖርንበት፣ ልጅ ዳርንበት፣ ለቅሶ ተቀመጥንበት፤ የእኛም ኾነ። ስለ ካርታው የኾነ እንደ ኾነ ደግሞ፣ ኢጣልያኖች ራሳቸው ከሌላ የተቀበሉት ነው። በግብፅ የማምሉክ ሱልጣኖች ዘመን የተሠራ የካርታ ስብስብ ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል፤ በላዩም ጽዋ፣ ገንዘብ፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ኾነው የሚጫወቱበት የኳስ ዱላ ተሥለውበታል። ኢጣልያኖች ጽዋውን፣ ገንዘቡንና ሰይፉን እንዳለ ተቀብለው፣ የኳስ ዱላውን ስላላወቁት ተራ በትር አደረጉት። የግብፁ ካርታ ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን ሹም «ናይብ» ይለዋል፤ እንደራሴ ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1377 የፍሎሬንስ ከተማ ሹማምት ይህን አዲስ ጨዋታ የሚከለክል ደንብ ሲያወጡ «ናይቤ» ብለው ጽፈውታል። ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ናይብ የሚለውን ስም ከምጽዋና ከሕርጊጎ ጋር አያይዞ ያውቀዋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ በመዝገብ ቤት ሰው ትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ «እንግዲያስ ጳጳስ ስናስመጣበት ከኖርነው አገር የመጣ ከኾነ ይግባ» አሉ።

በዚህ አጋጣሚ፣ ጨዋታ ለትልቅ ሰው አይገባም የሚሉ አንዳንድ ሰዎች ስላሉ ጥቂት ልናገር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደ ነበሩ ጽፏል። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ወግ አለ፤ ጨዋታው ሲጀመር «ወረራ» የሚባለው ጊዜ ስለ ኾነ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚያዘው አንዱ የሌላውን ከወሰደ በኋላ ነው። ንጉሡን በኀይለኛው በደርር መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በታናሹ በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር። ይህን ወግ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ቢገኝ፣ ካርታውን ትታችሁ እሱን እንድትማሩ እመክራለሁ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የኢጣልያው ካርታ በአዲስ አበባ ሱቆች በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ሁሉ የሚያውቀውን ባለ 52ቱን ካርታ ይዤ ሔድሁ። ከእሱ ላይ ጆከሮቹን፣ ስምንቶቹን፣ ዘጠኞቹንና ዐሥሮቹን ስናወጣ ልክ 40 ይቀራል። ወታደሩ 8፣ ንግሥቲቱ 9፣ ንጉሡ 10 ኾነው ይቈጠራሉ፤ አስ 1 ነው። ቀዩ ባለ አራት ማዕዘን በወርቁ ገንዘብ ፈንታ ይቆማል። ይህን መለየቱን ለራሳቸው ለጋሼ ተውሁላቸው፤ የሚያስተምሩት ሰው ዕቃውን በገዛ እጁ ሲያሰናዳ ጨዋታው የእሱም ይኾናልና። ትርፎቹን 12 ካርታዎች በወረቀት ጠቅልለው በላዩ «ከአገልግሎት ውጭ» ብለው ጻፉበት።

በቅኔ ቤት ያደጉ አንባቢዎች እንደሚያውቁት፣ መምህሩ ለጀማሪ ተማሪ መወድስ አይሰጠውም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርለታል፤ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይከተላል፤ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚመጣው ተማሪው ብዙ ሌሊት ከቈጠረ በኋላ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ግን ሕጉን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ጽፈው በቃላችን ያስጠኑን ነበር። (እነዚያው መምህሮቻችን ካርታን አጥብቀው ይከለክሉ ስለ ነበር፣ ይህን ቢያነቡ ምን እንደሚሉ እገምታለሁ።) ሁለቱም መንገድ ሰው አውጥቷል፤ ለጨዋታ ግን የቅኔ ቤቱ መንገድ ይሻላል ብዬ እፈርዳለሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የነገርኋቸው አንድ ሕግ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ካርታ ታደለ፤ አራት ካርታ በጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ተቀመጠ። በተራህ አንድ ካርታ ትጥላለህ፤ የሚተካከለው በጠረጴዛው ላይ ካለ ሁለቱንም ትወስዳለህ፤ ተደምረው ከአንተ ካርታ ጋር የሚተካከሉ ካሉም እነሱን ትወስዳለህ፤ የሚወሰድ ከሌለ ካርታህ እዚያው ይቀራል። ለምሳሌ በጠረጴዛው ላይ 2፣ 5፣ 6 እና አስ ቢኖሩ፣ በ7 ወይም 2ንና 5ን፣ ወይም 6ንና አስን መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ራሱ 7 እዚያው ካለ ድምሩን ትቶ እሱን መውሰድ ግዴታ ነው። ሦስቱ ካርታ ሲያልቅ ሌላ ሦስት ይታደላል፤ እንዲህ እያለ 40ው እስኪያልቅ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ በጠረጴዛው ላይ የቀረው ሁሉ መጨረሻ ለወሰደው ሰው ነው።

በዚያ ቀን የሁለታችንንም ካርታ ገልጠን ነው የተጫወትነው። እኔም የራሴን ሐሳብ ጮክ ብዬ እናገር ነበር፤ «ይህን ብጥል ጋሼ በአራቱ ይወስዱብኛል፤ ስለዚህ ያንን እጥላለሁ» እያልሁ። የእሳቸውን ካርታ ግን አልነካሁም፤ ይህን ይጣሉ፣ ያንን ይተዉም አላልሁም። የሚሻል መንገድ ሲያልፋቸው፣ «ሌላ የሚታይዎት አለ?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። ይህን አነጋገር የተማርሁት ከራሳቸው ነው። በጀማሪነቴ አንድ ፋይል ከማይገባው ቦታ ሳስቀምጥ ባዩ ጊዜ፣ «ይህ ፋይል ከነማን ጋር ቢቀመጥ ይስማማዋል?» ይሉኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን ተሳስተሃል ብለውኝ አያውቁም። ጋሼ ይህን አስታውሰው እንደ ኾነ አላውቅም፤ ፈገግ ብለዋል ግን።

በሁለተኛው ጕብኝቴ ነጥብ አቈጣጠር ጀመርን። ብዙ ካርታ የሰበሰበ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ሀያ ሀያ ከኾኑ ማንም አያገኝም። ብዙ ወርቅ የሰበሰበ አንድ ነጥብ አለው። የወርቁ ሰባት ብቻውን አንድ ነጥብ ነው፤ ኢጣልያኖች «ሴቴቤሎ»፣ ማለት ውቡ ሰባት፣ ይሉታል፤ ከሚላኖ ወደ ሮማ ይመላለስ የነበረውን ፈጣን ባቡራቸውን እንኳ በዚሁ ስም እስኪጠሩት ድረስ ይወዱታል። ከዚህ ሌላ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ካርታ ጠርጎ የወሰደ ሰው በየጊዜው አንድ ነጥብ ያገኛል፤ «ስኮፓ» ማለትም መጥረጊያ ማለት ነው። አስቀድሞ 11 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል።

ስለ መጥረጊያው ስነግራቸው ጋሼ ባዶውን ጠረጴዛ ጥቂት አዩትና፣ «የጠረገውስ ነጥብ አገኘ፤ የተጠረገበት ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ።

«በባዶው ላይ አንድ ካርታ ጥሎ እንደ ገና ይጀምራል» አልኋቸው። የጨዋታው ሕግ ይኸው ነው፤ እኔ የጨመርሁበት የለም።

ከመጥረግ የሚጠበቁበት መንገድም አለ፤ ማንም በአንድ ካርታ ከ10 በላይ ሊወስድ ስለማይችል፣ በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ድምር ከ10 እንዲበልጥ ማድረግ ነው። ጋሼ ይህን ሳልነግራቸው በራሳቸው አገኙት። ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን ያስደነቀኝ በሦስተኛው ጕብኝቴ የኾነው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ሰባት በእጄ ደብቄ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ሦስቱ ሰባቶች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያውን አንተ ወሰድህ፤ ሁለቱን እኔ። አራተኛው በእጄ የለም፤ የሚታደልም ካርታ አልቋል። እንግዲህ አንተ ዘንድ ነው» አሉና ሁለትና አምስት አብረው እንዳይገኙ አድርገው ተጫወቱብኝ። ዕድሜ ልካቸውን የትኛው ፋይል ከመደርደሪያው እንደ ወጣ፣ በማን እጅ እንዳለ ሲያስታውሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ በካርታ ግን የማይታየውን ካለፈው ማወቅ ነው፤ ይህም የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። በዚያ ቀን 11 ለ7 አሸነፉኝ፤ አንድም ነጥብ አላስተረፍሁላቸውም።

አሁን ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከቀድሞ የሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ በቁማርና በስካር የሚጸና ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። እኔም በጸሐፊነቴ፣ ለመቶ ብር ተብሎ የተጀመረ ካርታ በቤት ሽያጭና በፍች ሲያልቅ በፋይል አይቻለሁ። ለወዳጅ ጨዋታ የሚያስተምር ሰው ሳንቲም እንኳ በጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ አይፍቀድ። ነገር ግን ምንም መያዣ የሌለው ጨዋታ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጋሼ ጋር የተስማማነው በልጅነታችን በእንቆቅልሽ የምናውቀውን ነው፤ የተሸነፈ ሰው አገር ይሰጣል።

በዚያ ባሸነፉኝ ቀን፣ «ጎንደርን ሰጠሁዎ» አልኋቸው። «ጎንደር ዘመድ የለኝም» አሉ። «ሐረርን ሰጠሁዎ።» «ሐረር ይሞቀኛል።» አንኮበርንም፣ ጅማንም መለሱ። እንግዲያስ የሚሹትን ይንገሩኝ ብላቸው፣ «ካዛንችስን ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። በእንቆቅልሽ ወግ አገር የተሰጠው ሰው በዚያ አገር ሔዶ ያገኘውን ይናገራል፤ ጋሼም ተናገሩ። ከልብስ ሰፊው በር ተነሥተው፣ በቆርቆሮው አጥር በኩል፣ ጧት ጧት እንጀራ የሚሸጡት ሴት ከሚቀመጡበት ድንጋይ አልፈው፣ እስከ ቧንቧው፤ ከቧንቧው እስከ እድሩ ድንኳን ማስቀመጫ፤ ከዚያም በቂርቆስ በዓል የሚሔዱበትን መንገድ ቤት በቤት ዘረዘሩት። እትዬ ከቡናው አጠገብ ኾነው፣ «አጥሩ እኮ በስተግራ ነበረ» እያሉ ያርሙአቸው ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ካርታው በእጃቸው እንዳለ ቡናው ሁለተኛው ደረሰ።

አንድ ቅር ያለኝ የሚያስመስል ነገር ቢኖር የፕሪሚየራው ነጥብ ነው። እሱም ከአራቱም ዓይነት አንዳንድ ምርጥ ካርታ ተወስዶ ሰባቱ 21፣ ስድስቱ 18፣ አስ 16፣ አምስቱ 15፣ አራቱ 14፣ ሦስቱ 13፣ ሁለቱ 12፣ ባለ ሥዕሎቹ 10 ተብለው የሚደመሩበት ነው። ይህ መወድሱ ስለ ኾነ ለአራተኛው ጕብኝት ትቼው ነበር። በአራተኛው ሳምንት ስደርስ ግን ጋሼ ብቻቸውን አልነበሩም። ከካዛንችስ ከሌላው ጫፍ የተነሡ፣ እዚያ ሳሉ በመልክ እንጂ በስም የማይተዋወቁ አንድ ጎረቤት ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። ጋሼ 40ውን ካርታ በአራት ረድፍ በጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ያስቈጥሩአቸዋል።

«መጀመሪያ መዝገቡን ይወቁ» ይሉአቸው ነበር፤ «ጨዋታው በኋላ ይደርሳል።»

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እትዬ አራተኛ እንዲኾኑልን ብንለምናቸው፣ ሽንኩርቱን ሳልጨርስ አልመጣም አሉ።